የሠሩበትን መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?

በአገራችን ከሥራው ይልቅ የሥራውን ዋጋ መጠየቅ ይከብዳል። ሰውዬው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ያስረክባል፤ ብሩን ለመጠየቅ ግን አፉ ይተሳሰራል። «ምን ይሉኛል? ስስታም ይሉኝ ይሆን?» ይላል። ይቺ ይሉኝታ የምትባል ነገር ስንቱን ባለሙያ ከግል ሥራው አስወጥታ ደመወዝ ፍለጋ እንደሰደደች ቤት ይቁጠረው!

እኔ ወልድያ ነው የምኖረው። ከደመወዝ ሥራ ወጥቼ ጎንደር በር አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል የማስታወቂያ ጽሑፍና የኮምፒዩተር ዲዛይን ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሆቴል ምግብ ዝርዝር፣ ታፔላ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ባነር... የመጣውን እሠራለሁ። ሥራስ አልጠፋም። ጭንቁ ሌላ ነው። የክፍሏ ኪራይ ወሩን ጠብቆ ከች ይላል፤ የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያም እንደዚያው። የደንበኛ ብር ግን ቀን የለውም!

ወሎ ደግ አገር ነው፤ ደግነቱ ደግሞ አንዳንዴ ጣጣ አለው። «ያቺ ሒሳብ...» ስትሉ «አብሽር፣ እንከፍልሃለን! ይልቅ ግባና ቡና ጠጣ» ትባላላችሁ። ሦስት ስኒ ከነእጣኑ ጠጥታችሁ፣ ተመርቃችሁ፣ ባዶ ኪሳችሁን ትወጣላችሁ። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት እንዲህ እያለ አምስት ወር አመላልሶኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ መላውን ያገኘሁት ከሁለት ሰዎች ነው። አንዱ በዱቤ ጨርቅ ሲያከፋፍሉ ያረጁ ሐጂ ናቸው። ሌላዋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል በጡረታ የወጡ እትዬ። የነገሩኝን በሥራዬ ላይ ሞክሬዋለሁና ላካፍላችሁ።

በቃል ያለ ይረሳል

ሐጂ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጄ፣ ሰውዬው ስንት እንደሚከፍልህና መቼ እንደሚከፍልህ ያውቃል?» ብለው ነው። ሥራው ሳይጀመር ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ብር፣ መቼ እንደሚያልቅና መቼ እንደሚከፈል በአንድ ገጽ ይጻፍ። ስንት ጊዜ እንደሚታረምም ይጨመር፤ «ቀለሙን ቀይርልኝ፣ ኧረ የበፊቱ ይሻላል» ማለቂያ የለውማ! እርግጥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ብዙውን ውል በቃልም ያጸናል። ነገር ግን ዳኛ ፊት «አላልኩም» ቢላችሁ በምን ታስረዳላችሁ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ቀብድ ደግሞ አለ። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። ባነሩ የሚታተመው በሰው ማሽን ነው፣ እሱም በጥሬ ብር። ቀብድ ለመስጠት ያቅማማ ሰው ቀሪውን ለመክፈል እንዴት እንደሚያቅማማ እናንተው ገምቱት። ከመርሳ ለሚመጡ የፍራፍሬ ነጋዴዎች ደግሞ ታፔላው ሳይጫን ሒሳቡ እንዲዘጋ እንስማማለን። ለቀሪ ብር መርሳ ድረስ መመላለስ ትርፉን ለመኪና መገበር ነው።

ደረሰኝ ማለት «ደረሰኝ» ማለት ነው

እትዬ ያስጠነቀቁኝ ይሄን ነው። የሒሳብ መጠየቂያ «ይህን ያህል ይገባኛል» የሚል ወረቀት ነው። ደረሰኝ ግን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ብሩ ደረሰኝ! «ደረሰኙን ቁረጥልንና እንከፍልሃለን» ሲሏችሁ ብሩን ሳታዩ የእጅ በእጅ ደረሰኝ አትቁረጡ። ባልተቀበላችሁት ብር ፈረማችሁ ማለት ነው፤ ግብሩም ይከተላችኋል። በዱቤ ከሆነ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ የሚባል አለላችሁ።

መጠየቂያው ላይ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የደንበኛው ስም፣ የእናንተ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሥራው ዝርዝር፣ ቀብዱ ተቀንሶ የቀረው ሒሳብና የባንክ ቁጥራችሁ ይግባ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ «ጥሬ ብር አልያዝኩም» የሚለው ሰበብ ቀልሏልና ስልካችሁንም ጨምሩ። መክፈያውን «እንደተመቸዎት» ሳይሆን «እስከ ጥቅምት 15» ብላችሁ ጻፉ። በሁለት ቅጂ ይሁንና አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርምላችሁ።

ደንበኛችሁ መሥሪያ ቤት ሲሆን

እዚያ የሚያስከፍለው ወረቀት እንጂ ትውውቅ አይደለም። ፕሮፎርማው፣ የሥራ ማዘዣው፣ የርክክብ ወረቀቱና መጠየቂያው አንድ ላይ ይሁኑ። አንዱ ከጎደለ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። ከሁሉ በላይ ሰኔ 30ን አትርሱ! የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ያን ዕለት ነው። ግንቦት ላስረከባችሁት ሥራ ሐምሌ ላይ ብትሄዱ «በጀቱ ተዘግቷል» መባል አለ።

ሲከፍሏችሁ ቅድመ ግብር ቢቀንሱ አትደንግጡ፤ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ግን ሳትይዙ አትውጡ። በዓመቱ መጨረሻ ከግብራችሁ ይታሰብላችኋል። የመለያ ቁጥር ሳይኖራችሁ ግን አትሂዱ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የመለያ ቁጥር በማያቀርብ ሰው ላይ 30 በመቶ እንዲቀነስ ነበር የደነገገው።

አልከፍልም ያለስ?

ማልቀስም መቆጣትም አያዋጣም። ሐጂ ያስተማሩኝ አነጋገር ይቺ ናት፦ «ጋሼ፣ የጥቅምቱን ሒሳባችንን ልዘጋ ነበር፤ ዛሬ ልምጣ ነገ?» «መቼ ይከፍሉኛል?» ከማለት በምን ትለያለች? «አብሽር» የሚል መልስ አትቀበልም፤ ቀን ነው የምትጠይቀው።

ካልሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቂያን ይጠይቃል። ሕጋዊ ወለዱም በቁጥር 1751 በዓመት 9 በመቶ ነው። ይቺን ጠቅሳችሁ ብትጽፉ ወረቀቷ ክብደት ታገኛለች። ያ የምግብ ቤት ባለቤት የፈረመበት መጠየቂያ በእጄ ነበርና ማስጠንቀቂያውን በአንድ የሰፈር ሽማግሌ እጅ ላክሁለት። በሁለት ጊዜ ከፈለኝ። ዛሬም ደንበኛዬ ነው፤ ቡናውንም እንጠጣለን።

ቼክ የሰጣችሁን ደግሞ አትናቁት። በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 ይጠየቃል።

በመጨረሻ፣ ቅጂውን ሁለት ቦታ አኑሩ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት በተያዘችባቸው ወራት የሐጂ የዱቤ መዝገብ ከነሱቁ ዕቃ ጠፍቷል። ሰላም ሲሆን ከተበዳሪዎቹ ከፊሎቹ በራሳቸው መጥተው ከፈሉ። የቀሩት «መዝገቡን ያሳዩን» አሉ። ሐጂ አሁን አንዱን መዝገብ ሱቅ፣ አንዱን ቤት ያስቀምጣሉ፤ እኔም በስልኬ ፎቶ አነሣዋለሁ።

እና እናንተ በላባችሁ የምታድሩ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነትም ይቀራል። ዛሬውኑ ያልተከፈላችሁን በዝርዝር ጻፉ፤ ከትልቁ ሳይሆን ከቆየው ጀምራችሁ በትሕትና ደውሉ።