የግል መግለጫ ርዝመት (የሕክምና ትምህርት ማመልከቻ)

የግል መግለጫ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ወይም ወደ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ለመግባት የሚያመለክት ሰው ሙያውን የመረጠበትን ምክንያትና ያደረገውን ዝግጅት በራሱ ቃል የሚያስረዳበት አጭር ጽሑፍ ነው። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ዘንድ ፐርሰናል ስቴትመንት በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይታወቃል። ርዝመቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ተቀባዩ ተቋም ያስቀመጠው ገደብ፣ ገደቡ የሚቆጠርበት መለኪያ፣ እና አመልካቹ በእርግጥ የሚናገረው ነገር መጠን። ገደቡ ጣሪያ ነው፤ ሞልቶ መገኘት ያለበት ስፍር አይደለም።

በኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪ የሚመረጠው በዋናነት በፈተና ውጤት ነው። በመሆኑም ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች የሚነሳ ተማሪ ከዚህ ዓይነት ጽሑፍ ጋር የሚተዋወቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ወደ ውጭ አገር ሲያመለክት ነው። የርዝመቱ ጥያቄም የሚከብደው በዚያን ጊዜ ነው፤ አመልካቹን በአካል የማያውቅ ገምጋሚ ስለ ማንነቱ ከራሱ አንደበት የሚሰማው በዚህች አንድ ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

== በኢትዮጵያ ያለው የቅበላ ሥርዓት ==

በአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ረጅም ታሪክ ካላቸው ተቋማት አንዱ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በደብረ ታቦርም የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ ተማሪዎቹም በከተማዋ ሆስፒታል የተግባር ልምምድ ያደርጋሉ።

በእነዚህ ተቋማት ለመማር መንገዱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የማለፊያው ነጥብም 50 በመቶ ሆኗል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ይህን ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለፈው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የትምህርት ክፍል የሚመደበው በውጤቱና በምርጫው ቅደም ተከተል ነው። በአገር ውስጥ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚደረገው ውድድርም በዋናነት በጽሑፍ ፈተና ላይ ያርፋል።

ስለዚህ አንድ ሰው ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ በሕክምና ዶክትሬት እስኪመረቅ ድረስ «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ሳይሰጥ ሊጨርስ ይችላል። ጥያቄው የሚመጣው በአሜሪካ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲያመለክት፣ ለውጭ አገር የማስተርስ ትምህርት ወይም የትምህርት ዕድል ሲወዳደር ነው። በአሜሪካና በብሪታንያ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ገና ለመጀመሪያው የሕክምና ትምህርት ሲያመለክቱ ያገኙታል።

== የታወቁ ገደቦች ==

አብዛኞቹ የማመልከቻ ሥርዓቶች ርዝመትን የሚለኩት በካራክተር ነው። በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ ፊደል፣ አኃዝ፣ ሥርዓተ ነጥብና በቃላት መካከል ያለው ክፍተት አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

* የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ (ኤ-ኤም-ካስ)፦ 5,300 ካራክተር። ይህ በእንግሊዝኛ በግምት ከ800 እስከ 900 ቃላት ይሆናል።
* የቴክሳስ ግዛት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ፦ 5,000 ካራክተር።
* የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማመልከቻ (ዩካስ)፦ 4,000 ካራክተር። ቀድሞ በ47 መስመር የተወሰነ አንድ ወጥ ጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2026 ትምህርት ለሚጀምሩ አመልካቾች ግን በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፤ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 350 ካራክተር መጻፍ ግዴታ ነው።
* የአሜሪካ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ማመልከቻ (ኢራስ)፦ ሥርዓቱ እስከ 28,000 ካራክተር ይቀበላል፤ የተለመደው ግን አንድ ገጽ ነው።

በዝርዝሩ የመጨረሻ ላይ ያለው ከኢትዮጵያ ተመርቀው የሚያመለክቱ ሐኪሞችን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ በገደቡና በልማዱ መካከል ያለው ርቀትም ትልቅ ነው። 28,000 ካራክተር ብዙ ገጽ ይወጣዋል። ቦታው ስለተፈቀደ ብቻ ሦስትና አራት ገጽ የሚልክ አመልካች ደንብ አልጣሰም፤ ነገር ግን ብዙ ማመልከቻ በአጭር ጊዜ የሚያነብ ገምጋሚ ከመካከሉ ሊያቋርጠው ይችላል። ሙሉ 5,300 ካራክተር እንኳ ተረጋግቶ ለሚያነብ ሰው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ይወስዳል።

== ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ==

ብዙ አመልካቾች ሐሳባቸውን መጀመሪያ በአማርኛ ጽፈው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል። ይህ ሐሳብን ለማጥራት ይረዳል፤ ርዝመትን ለመገመት ግን ያሳስታል። በአማርኛ ባለቤቱ፣ ተሳቢው፣ አሉታውና መስተዋድዱ በአንድ ግሥ ላይ ይጠቃለላሉ። «ስላልነገርኩት» አንድ ቃልና ስምንት ፊደል ነው። ይኸው ሐሳብ በእንግሊዝኛ ስድስት ቃል ይሆናል፤ ክፍተቶቹ ሲቆጠሩ 26 ካራክተር ይወስዳል። የግዕዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ሲጽፍ የላቲን ፊደል ለየብቻ ስለሚጽፋቸው ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል።

ከዚህ የተነሣ በአማርኛ በገደቡ ልክ የተጻፈ ረቂቅ ሲተረጎም ገደቡን አልፎ ይገኛል። በዚያ ሰዓት የሚደረገው ጥድፊያ አደገኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው የመጨረሻው አንቀጽ ሲሆን የጽሑፉ ዋና መልስ ያለውም እዚያ ነው። ስለዚህ የአማርኛውን ረቂቅ ከገደቡ እጅግ አሳጥሮ መጀመር፣ ቆጠራውንም የሚላከው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ማድረግ ይመረጣል። የኮምፒውተር የጽሕፈት ፕሮግራሞች ሁለት ዓይነት ቆጠራ ያሳያሉ፤ የሚያስፈልገው ክፍተትን ጨምሮ የሚቆጥረው ነው።

== ጽሑፉን የሚያስረዝሙ ልማዶች ==

'''የማመልከቻ ወግ።''' በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የሚጻፍ ማመልከቻ «ጉዳዩ» ብሎ ይጀምርና «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው» ብሎ ይቀጥላል፤ በምስጋናና በአክብሮት ቃላት ይዘጋል። በግል መግለጫ ውስጥ ይህ ሁሉ ቦታ ይበላል። ስሙም፣ የሚያመለክትበት ትምህርትም በቅጹ ላይ አስቀድሞ ተሞልቷል።

'''የልጅነት ሕልም።''' ኢትዮጵያ ውስጥ ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ ተብሎ «ዶክተር» ያላለ ጎበዝ ተማሪ ጥቂት ነው። በዚህ የሚጀምር አንቀጽ አመልካቹን ከሌላው አይለይም።

'''የአገር ታሪክ።''' የሚከተለው 25 ቃላት ያሉት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ደብረ ታቦር በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን የምትገኝ፣ በጥንታዊ ታሪኳ የታወቀች፣ በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን መናገሻ የነበረች ከተማ ስትሆን እኔም ተወልጄ ያደግሁት በዚህችው ከተማ አቅራቢያ ነው።» በ12 ቃላት እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «ያደግሁት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ባለ የገበሬ መንደር ነው።» የተቆረጠው ታሪክ እውነት ነው፤ ስለ አመልካቹ ግን የሚናገረው የለም።

'''ውጤትን መድገም።''' ነጥብ፣ ሰርተፊኬትና የሥራ ልምድ በሌላ የቅጹ ክፍል ይሞላሉ። ለምሳሌ የአሜሪካው የጋራ ማመልከቻ እስከ 15 ለሚደርሱ ተግባራት የተለየ ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱም 700 ካራክተር ይፈቅዳል።

== ማጠር የሚጎዳበት ጊዜ ==

ርዝመት ብቻ ሳይሆን እጥረትም ችግር ይሆናል። ራስን ማመስገን እንደ ነውር በሚታይበት አካባቢ ያደገ ሰው «እኔ» ማለት ይከብደዋል፤ የሠራውን «ተሠራ» ወይም «ሠራን» ብሎ ያልፋል። ጽሑፉ አጭርና ትሑት ይሆናል፤ ገምጋሚው ግን አመልካቹ ራሱ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቀራል። ድርጊትን በልኩ መናገር ከጉራ የተለየ ነው፤ «ታማሚዋን ሦስት ቀን ተከታተልኩ» የሚለው ሐቅ እንጂ ውዳሴ አይደለም።

ሌላው በአካባቢው ሰው ዘንድ የታወቀውን ነገር ያለ ማብራሪያ መተው ነው። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ በስፋት ከሚታይባቸው የአማራ ክልል ዞኖች አንዱ ሆኖ ቆይቷል፤ በሊቦ ከምከም ወረዳም በ1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ ተከሥቷል። ለዞኑ ተወላጅ እነዚህ ስሞች በቂ ናቸው። በሌላ አገር ላለ ገምጋሚ ግን በሽታው ምን እንደሚያደርግ የሚናገር አንድ ሐረግ ያስፈልጋል፤ ሙሉ አንቀጽ ከተሰጠው ደግሞ የግል መግለጫው የጤና ትምህርት ጽሑፍ ይሆናል።

== ርዝመትን የመወሰን አካሄድ ==

መጀመሪያ የተቋሙን መመሪያ አንብቦ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል፦ ከፍተኛው ገደብ ስንት እንደሆነ፣ በምን እንደሚቆጠር። መመሪያው ገጽ ብቻ ከጠቀሰ የፊደል መጠንና የኅዳግ ስፋት አጥብቦ ተጨማሪ ጽሑፍ ማስገባት አይጠቅምም።

ቀጥሎ ቦታውን ለየክፍሉ ማከፋፈል ይቻላል። ለ5,300 ካራክተር የሚሆን አንድ ድልድል እንዲህ ነው፦

* መነሻ፣ ማለትም አንድ የተለየ ገጠመኝ፦ 700
* አመልካቹ ያደረገው ነገር፦ 2,500
* ከዚያ የተማረውና የተለወጠበት አመለካከት፦ 1,200
* ወደፊት ሊሠራ ያሰበውና ለምን በዚህ ትምህርት እንደሆነ፦ 600

ድምሩ 5,000 ነው፤ 300 ካራክተር ለእርማት ይተርፋል። አንዱ ክፍል ከድርሻው ሲያልፍ ከየት እንደሚቀነስ ወዲያው ይታያል። ድልድሉ ደንብ አይደለም፤ ትልቁን ቦታ ለድርጊት መስጠቱ ግን በየትኛውም ርዝመት ይሠራል።

በምሳሌ ለማየት፣ በደብረ ታቦር የተግባር ልምምድ ያደረገ ሐኪም በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተገልብጦ ዓይናቸውን ስለሚወጋቸው እናት ይጽፋል እንበል። ቦታውን ለማሳወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በሽታውን ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። እናቲቱ ቀዶ ሕክምናውን ለምን እንደፈሩ፣ እርሱ እንዴት እንዳናገራቸው፣ ምን እንደተሳካና ምን እንዳልተሳካ ግን አምስትና ስድስት ዓረፍተ ነገር ይገባዋል። ይህን ክፍል ከሌላ ሰው ታሪክ መቅዳት አይቻልም። የጉና ተራራን ከፍታና የወረዳዎችን ስም ዝርዝር ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሁለት ጥያቄ መፈተን ይጠቅማል፦ ይህን ሌላ አመልካች ሊጽፈው ይችል ነበር? በቅጹ ሌላ ክፍል ተጽፏል? ለሁለቱም መልሱ «አይደለም» የሆነው ዓረፍተ ነገር ይቆያል፤ ሌላው ይቆረጣል ወይም ይታደሳል። ከዚህ በኋላ የቀረው ጽሑፍ ከገደቡ በታች ከሆነ ተገቢው ርዝመት ያ ነው፤ ክፍት የቀረውን ቦታ ለመሙላት ተብሎ የሚጨመር ነገር አያስፈልግም። ዋናው ጉዳይ በግልጽ ከተነገረ 4,300 ካራክተር የያዘ መግለጫ 5,300 ከሞላው አያንስም።