ጠማማው ድንበርም ሕግ አለው

የዛሬው ርዕሳችን በዓይን የማይታይ ድንበር ነው።

እንደሚታወቀው በብረት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አተም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። ነገሩን ለማቅለል፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ያመለክታል እንበል። ጎረቤታሞች በአንድ አቅጣጫ መስማማትን ይመርጣሉ። አንዱ ወገን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ዞሮ ሲገናኙ ግን በመካከላቸው ድንበር ይፈጠራል። ድንበሩ በረዘመ ቁጥር ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ቀጥ ማለት ይቀናዋል።

ታዲያ ለምን ይጠማል? አንደኛው ምክንያት ሙቀት ነው፤ አተሞቹን ያናውጣል። ሁለተኛው በብረቱ ውስጥ የተበተነ ባዕድ ነገር ነው። እሱ ባለበት ስፍራ የጎረቤታሞቹ ትስስር ይላላል፤ ድንበሩ በዚያ ቢያልፍ ጉልበት ይቆጥባል። በክረምት ከመንደር ወደ መንደር የሚሄድ እግረኛን አስቡ። ከጭቃው ለመዳን ደረቁን እየፈለገ ይዞራል፤ መንገዱ እንዳይረዝምበት ደግሞ ይሰጋል። ድንበሩም እንዲሁ ነው።

ባዕድ ነገር ድንበሩን ቸንክሮ ስለሚይዘው ጥመቱን ይቀንሳል ብለን እንገምት ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በስስ ንጣፍ ላይ ያለ ድንበር ርዝመቱ 1,000,000 እጥፍ ቢያድግ፣ በሙቀት ብቻ የሚዋዥቀው ከቀጥታው መስመር የሚርቅበት መጠን በ1,000 እጥፍ ያድጋል። ባዕድ ነገር በተበተነበት ንጣፍ ግን በ10,000 እጥፍ ያድጋል። ምክንያቱም የሙቀት ንውጥውጥታ ግራና ቀኝ እየተጣፋ ይሄዳል፤ ባዕዱ ነገር ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ድንበሩ በረዘመ መጠን የተሻለ ማለፊያ ፍለጋ ርቆ መሄድ ያዋጣዋል።

ይህን የሁለት ሦስተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1985 ዴቪድ ሂዩዝና ክሪስቶፈር ሄንሊ በኮምፒውተር ስሌት አገኙት። በ1986 ደግሞ መህራን ካርዳር፣ ጆርጆ ፓሪዚና ዪ-ቼንግ ዣንግ ከዚሁ ጋር የተሳሰረ እኩልታ አወጡ። ፓሪዚ ስለ ዝብርቅርቅ ሥርዓቶች ባደረገው ጥናት በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በ1998 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከፕላቲነምና ከኮባልት በተሠራ ስስ ንጣፍ ላይ ለክተው 0.69 አገኙ። ሁለት ሦስተኛ 0.67 ገደማ ስለሆነ ልኬቱና ስሌቱ ተቀራርበዋል ማለት ነው።

እንግዲህ አጭሩን ድንበር ለክቶ ረጅሙን በሙቀት ሕግ ብቻ የሚገምት ሰው በአሥር እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። ጠማማ ሆኖ ያየነውን ሁሉ ሥርዓት የለሽ ነው ከማለታችን በፊት፣ የጠመመበትን ልክ እንመርምር።