የጠባቂው ቤት ወዴት ይሠራ? ዋጋውንስ ማን ይክፈል?

ከተማ ማለት የቤቶች ክምችት ብቻ አይደለም። ሰዎች በአንድነት ሲሰፍሩ በአንዱ ቤት የተነሣ እሳት ለሌላው ስጋት፣ በአንዱ ደጅ የታየ ሌባ ለጎረቤቱ ጭንቀት ይሆናል። ስለዚህም ከተማ ያቀኑ ሰዎች ሁሉ ከገበያውና ከአደባባዩ ጋራ የጠባቂዎቹን ማደሪያ ማሰብ ግዴታ ሆኖባቸዋል። በአሜሪካ በሚገኙ ብዙ ትናንሽ ከተሞች ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች በአንድ ጣራ ሥር የሚሠሩበት ሕንጻ የሕዝብ ደኅንነት ቤት ይባላል። እንዲህ ያለውን ቤት ለመሥራት የተነሡ የኦሪገን ግዛት ትናንሽ ከተሞች ያጋጠማቸውን ክርክር ለውድ አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ክርክሩ የሩቅ አገር ቢሆንም ጥያቄው በማናቸውም ቤተ ሰብ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም ገና ላልደረሰ አደጋ ዛሬ ምን ያህል እንክፈል? የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ባሕሩ የሚያስፈራበት ምክንያት

በኦሪገን ግዛት፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር፣ ጊርሃርት፣ ሲሳይድና ካነን ቢች የሚባሉ ሦስት ጎረቤታሞች ከተሞች አሉ። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ጊርሃርት 1,800 ያህል፣ ካነን ቢች ደግሞ 1,500 ያህል ነዋሪዎች ብቻ ነበሯቸው። በበጋ ወራት ግን የጎብኚው ብዛት ከነዋሪው ቍጥር እጅግ ይበልጣል። በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ በምትገኘው በፖርትላንድ ከተማ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከልም ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ባሕር ዳር የሚወርዱ አይታጡም።

ይህ ያማረ ባሕር ታላቅ አደጋ ሰውሯል። ከወለሉ በታች አንዱ የምድር ንጣፍ በሌላው ሥር የሚገባበት ካስኬዲያ የሚባል ረጅም መጋጠሚያ ይገኛል። ሁለቱ ንጣፎች ለብዙ መቶ ዓመታት ተያይዘው ይቈዩና በድንገት ሲላቀቁ ምድር ትናወጣለች፤ ባሕሩም ተነሥቶ ወደ የብስ ይወጣል። ሱናሚ የሚባለው ይህ ነው። የመጨረሻው ታላቅ መናወጥ የሆነው ጃንዋሪ 26 ቀን 1700 ሲሆን በስፍራው ቀኑን በጽሑፍ የመዘገበ ሰው አልነበረም። ነገር ግን በጃፓን አገር ምድር ሳይናወጥ ባሕር ገንፍሎ መምጣቱ በጊዜው ተጽፎ ተገኝቷል። ሊቃውንቱም በአሜሪካው ጠረፍ ምድሩ ዝቅ በማለቱ በጨው ውኃ የደረቁትን የጥንት ዛፎች መርምረው፣ ከጃፓኑ መዝገብ ጋራ አስተያይተው፣ ቀኑን ለይተው ለማወቅ በቁ። እንዲህ ያለው መናወጥ እንደ ገና ቢደርስ፣ የመጀመሪያው ማዕበል ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከባሕሩ ዳር እንደሚደርስ ይናገራሉ።

ሕዝቡ ከሩቅ የመጣውን ማዕበል በዐይኑ ያየበትም ጊዜ አለ። በ1964፣ በማርች 27 ቀን፣ የምዕራባውያን የስቅለት ዓርብ በሆነበት ዕለት፣ አላስካ በታላቅ መናወጥ ተመታች። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ማዕበሉ ኦሪገን ደርሶ በካነን ቢች ድልድይ አፈረሰ፤ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ በሚገኘው በቤቨርሊ ቢች ደግሞ በአሸዋው ላይ ከቤተ ሰባቸው ጋራ ያደሩ አራት ሕፃናትን ወሰደ። ከሩቅ የመጣው ይህን ካደረገ፣ ከደጅ የሚነሣው ምን ያደርግ ይሆን?

እንግዲህ የነገሩ ቍም ነገር እዚህ ላይ ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ የሚጠራው ፖሊሱንና የእሳት አደጋ ተከላካዩን ነው። የእነርሱ ቤት በዝቅተኛው ስፍራ ተሠርቶ ከሁሉ አስቀድሞ ቢፈርስ፣ መኪናዎቻቸውም ከፍርስራሽ በታች ቢቀሩ፣ ጠሪው ማንን ይጠራል?

የሕጉ መውጣትና መሻር

የኦሪገን ግዛት ይህን አስቦ በ1995 ሕግ አወጣ። ሕጉ የእሳት አደጋ ጣቢያን፣ ፖሊስ ጣቢያን፣ ሆስፒታልንና ትምህርት ቤትን የመሰለ አዲስ ሕንጻ ሱናሚ ይደርስበታል ተብሎ በተለየው ክልል ውስጥ እንዳይሠራ የሚከለክል ነበር። በ2019 ግን የግዛቲቱ ምክር ቤት ክልከላውን ሻረው። የጠረፍ ከተሞች ተወካዮች ያቀረቡት ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከፍ ያለው መሬት ጥቂትና ውድ ነው፤ ሕዝቡ የሚኖረው ደግሞ በታች ነው። ጣቢያው ወደ ኮረብታው ከወጣ በየዕለቱ ለሚነሣው የቤት እሳትና ለሚደክመው ልብ ርዳታው ይዘገያል፤ በመቶ ዓመታት አንድ ጊዜ ለሚመጣው ማዕበል ሲባል የዕለቱ ችግር ሊዘነጋ አይገባም አሉ። ተቃዋሚዎቻቸውም ማዕበሉ በሚመጣበት ቀን ጣቢያው ከሌለ የዕለቱ አገልግሎት አብሮ ይጠፋል ሲሉ መለሱ። በሁለቱም ወገን እውነት አለ። ስለዚህ ሕጉ የተወውን ፍርድ እያንዳንዷ ከተማ በገዛ ሸንጎዋ ልትሰጥ ግድ ሆነባት።

የጊርሃርት እምቢታ

በጊርሃርት የእሳት አደጋ ጣቢያው በ1958 በብሎኬት የተሠራ ቤት ነበር። አብዛኞቹ ተከላካዮች ሌላ ሥራ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጥሪው ሲሰማ ምግባቸውን ወይም እንቅልፋቸውን ትተው ይሮጣሉ። በብሎኬት የተሠራ አሮጌ ግንብ ለምድር መናወጥ እጅግ ደካማ መሆኑን መሐንዲሶች ሁሉ ያውቃሉ። ግንቡ ባይፈርስ እንኳ የበሩ መቃን ጥቂት ቢጣመም ትልቁ በር አይከፈትም፤ መኪናውም ደኅና ሳለ በውስጥ ታስሮ ይቀራል።

የከተማው ምክር ቤት አዲስ ጣቢያ ለመሥራት ሕዝቡን ድምፅ በጠየቀ ጊዜ፣ መጀመሪያ በ2006፣ ኋላም በ2022 በሜይ ወር፣ መራጩ እምቢ አለ። የ2022ቱ ጥያቄ ከፍ ባለ መሬት ላይ ለእሳት አደጋ ተከላካዮችና ለፖሊስ የሚሆን ቤት የሚያሠራ ነበር። ስለ ሕንጻው ስፋት፣ ስለ ቦታውና ስለ ዋጋው ብዙ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም ድምፁ አልሞላም።

ይህን ሕዝብ ስስታም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም። በዚያ አገር ትንሽ ከተማ ለሕንጻ የሚሆን ገንዘብ የምታገኘው ብዙውን ጊዜ ቦንድ በመሸጥ ነው። ቦንድ ማለት ከተማዪቱ የምትወስደው ብድር ሲሆን ከወለዱ ጋራ ለብዙ ዓመታት ከቤትና ከመሬት ግብር ላይ ይከፈላል። ብድሩ በእያንዳንዱ ቤት ላይ ስለሚጫን ሕዝቡ በድምፁ ካልፈቀደ ሊደረግ አይችልም። በጡረታ የሚኖር ሽማግሌ ገቢው ሳይጨምር ግብሩ ይጨምርበታል። በእነዚህ የባሕር ዳር ከተሞች ደግሞ ከቤቶቹ ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች የዕረፍት ማሳለፊያ ናቸው፤ ባለቤቶቹ ግብሩን ይከፍላሉ፤ ነዋሪዎች ስላልሆኑ ግን ድምፅ አይሰጡም። ጎብኚው በበኩሉ በአደጋ ጊዜ የጣቢያውን ርዳታ ይሻል፤ ለቦንዱ ግን አንዳች አይከፍልም። እንግዲህ ሸክሙ ሳይደላደል በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ወድቋል የሚል ሰው ቢገኝ አያስገርምም።

የካነን ቢች መንገድ

ካነን ቢች ሌላ መንገድ ሞከረች። የዚህችም ከተማ ማዘጋጃ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ማዕበሉ በሚደርስበት ክልል ውስጥ ነበሩ። የኦሪገን ግዛት በሸቀጥ ሽያጭ ላይ ግብር የላትም። ሆኖም አሽላንድና ያሃትስ የሚባሉ ሌሎች ሁለት የግዛቲቱ ከተሞች ተዘጋጅቶ በሚሸጥ ምግብ ላይ 5 በመቶ ግብር ያስከፍሉ ነበርና ካነን ቢች እነርሱን አብነት አደረገች። በ2021 በኖቬምበር ወር ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ጸደቀ፤ ግብሩም በ2022 በጁላይ ወር ተጀመረ። ገቢውን ከተማዪቱ ለማዘጋጃ ቤትና ለፖሊስ ጣቢያ ሥራ፣ የእሳት አደጋ ጥበቃው ድርጅት ደግሞ ለአገልግሎቱ እንዲካፈሉት ተወሰነ።

የምግብ ቤት ባለቤቶች ይህን አጥብቀው ተቃውመዋል። ገበያችን ይቀዘቅዛል፤ ከነጋዴዎች ሁሉ እኛ ብቻ ለምን ተለየን? አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓሣ ቀቅሎ የሚሸጠው ሰው ጌጥ ከሚሸጠው ጎረቤቱ ይልቅ የደኅንነት ዕዳ የለበትም። ቢሆንም ዘዴው አንድ ታላቅ ቅንነት አለው፤ ለአንድ ቀን የመጣው እንግዳ በገበታው ላይ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ፣ በዚያ ቀን ለሚጠብቁት ሰዎች ድርሻውን ይከፍላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይመስላል።

ከሲሳይድ የሚገኘው ትምህርት

እምቢታ የነገር ሁሉ መጨረሻ እንዳልሆነ ደግሞ ሦስተኛዋ ከተማ ታስተምረናለች። የሲሳይድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ማዕበሉ ከሚደርስበት ስፍራ እንዲነሡ በ2013 የ128.8 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ተጠየቀ፤ ሕዝቡም እምቢ አለ። ኀላፊዎቹ ሕዝቡን አልወቀሱም፤ ዕቅዳቸውን መልሰው መረመሩ እንጂ። ዌየርሀውዘር የሚባለው የደን ኩባንያ ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ኮረብታ 80 ኤከር መሬት በነጻ ሰጠ። ወጪውም ተቀነሰና በ2016 የ99.7 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ቀረበ፤ ያው ሕዝብ በዚህ ጊዜ እሺ አለ። ልጆቹም ዛሬ የሚማሩት በኮረብታው ላይ ነው።

ዕቅድ ሲወጣ ሊታሰብ የሚገባው

ከእነዚህ ከተሞች ታሪክ፣ የማኅበር ቤትም ሆነ የከተማ ሕንጻ ለሚያስብ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ምክር እናገኛለን።

በመጀመሪያ ደረጃ ቤቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይነገር። አዲስ ጣቢያ የሚፈለገው ለማማር አይደለም። የአሜሪካ የሕንጻ ደንብ እንዲህ ያለው ቤት ከተራ ሕንጻ ይልቅ አንድ ጊዜ ተኩል ለሚበልጥ የመናወጥ ኀይል እንዲሰላ የሚያዝዘው፣ አደጋው ባለፈ ማግስት ሥራው የሚጀምር ስለ ሆነ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2022 የእሳት አደጋ ተከላካይነት ሥራ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ በጢስ የጠቈረው ልብስ ከሚያድሩበትና ከሚመገቡበት ክፍል መለየት አለበት፤ ይህም በአሮጌዎቹ ጠባብ ጣቢያዎች የማይቻል ነው። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ምክንያት ሲሰማ፣ የክፍሉ ብዛት የቅንጦት አለመሆኑን ይረዳል።

በሁለተኛ ደረጃ ወጪው በሙሉ ይቈጠር። ግንብ ሊያንጽ ስለ ወደደው ሰው በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ የማያውቅ አንባቢ የለንም። የግንቡ ዋጋ ብቻ ተነግሮ የመብራቱ፣ የጄኔሬተሩ፣ የጥገናውና የሠራተኛው ወጪ ቢሸሸግ፣ ሕዝቡ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ አያምንም።

በሦስተኛ ደረጃ የውጭ ርዳታ አስቀድሞ ይፈለግ። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ከ20,000 የማይበልጥ ሕዝብ ላላቸው የገጠር ከተሞች ለእንዲህ ያለ ሕንጻ ብድርና ስጦታ የሚሰጥበት ክፍል አለው፤ የኦሪገን ግዛትም አሮጌ ትምህርት ቤቶችንና የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ሕንጻዎችን ለምድር መናወጥ ለማጠንከር ርዳታ ትሰጣለች። ከውጭ የተገኘ እያንዳንዱ ዶላር ከመበለቲቱ ግብር ላይ የሚቀነስ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሕዝቡ ከመጀመሪያው ይማከር። ንድፉ ካለቀ በኋላ እሺ በሉ የተባለ ሕዝብ፣ እንደ ተናቀ ይቈጥረዋል። በጎ ፈቃደኛው ተከላካይና ግብር ከፋዩ ሽማግሌ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ጭንቀት ሰምቶ ይመለሳል።

ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው የመቶ ዓመት ይሁን የአንድ ሌሊት፣ ከሰው ወገን የሚያውቀው የለም። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ቢጮህ ለበጎቹ አይጠቅማቸውም፤ የጠባቂ ቤት የሚሠራበትም ጊዜ በጎቹ ሁሉ በበረት ሳሉ ነው። ጊዜው ሳለ መምከር፣ በቅንነት ማካፈል፣ የተጠየቀውንም ድርሻ ሳያጕረመርሙ መስጠት፣ ጎረቤትን እንደ ራስ የመውደድ አንዱ ሥራ መሆኑን አንባቢዎቻችን ከልጆቻቸው ጋራ እንዲነጋገሩበት እናሳስባለን።