ስለ ቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ግልባጭ

በዛሬው ዘመን የልጅን የክርስትና ቀን ፎቶግራፍ፥ የሟች አባትን መልክ፥ የቤት ካርታና የልደት ወረቀት ሳይቀር በኮምፒዩተር ውስጥ የሚያኖር ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ዳሩ ግን ግልባጩን በሌላ ስፍራ ያስቀመጠ ሰው ስንፈልግ ብዙም አላገኘን።

ሃርድ ዲስክ የሚባለው ዕቃ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚዞር ሳሕን አለበት፤ ማንበቢያውም ሳሕኑን ሳይነካ እጅግ ተጠግቶት ይንሳፈፋል። በሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ ሳሕኑ ይቧጨራል፤ ከዚያ ወዲያ የጠፋውን የሚመልስ ባለሙያ ቢገኝ እንኳ ዋጋው ከባድ ነው። የሚዞር ነገር የሌለባቸው አዳዲሶቹም ሳያስጠነቅቁ ይበላሻሉ።

ስለዚህ እመቤቶችና አባወራዎች ሆይ፥ ሦስት አድርጋችሁ እንድትይዙ እንለምናችኋለን፤ ይኸውም አንዱን በኮምፒዩተሩ፥ ሁለተኛውን በተነቃይ ዲስክ፥ ሦስተኛውን በዘመድ ቤት ነው። እሳትና ሌባ በአንድ ቤት ያለውን ሁሉ አንድነት ይወስዳሉና።

ቅጂው እንዳለቀ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ መንቀል ግድ ነው። ይህን እኛም ቸል ብለን ኖረናል። በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በብዙ አገሮች የሰውን ፋይል እየቆለፈ፥ ለመክፈቻው 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ተሰክቶ ያገኘውንም ዲስክ አይምርም። ፍላሽ ለማመላለሻ ትሆናለች እንጂ ለዓመታት ማኖሪያ አንመክራትም።

ደግሞ በዓመት አንድ ቀን፥ ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጠረግ፥ ዲስኩን ሰክታችሁ ፎቶግራፎቹን አንድ ሁለቱን ክፈቱ፤ ተቀድቷል ተብሎ የማይከፈት ይገኛልና።