የውርስ ጉዳይ፣ ኑዛዜና የጠበቃ ምርጫ፦ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

የውርስ ክርክር የሚነሳው ሰው ከሞተ በኋላ ቢሆንም ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው ሟች በሕይወት ሳለ ያደረገው ወይም ሳያደርገው የቀረው ነገር ነው። የሟች ፍላጎት በቤተሰብና በጎረቤት ዘንድ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ኑዛዜው የሕጉን ሥርዓት ባለማሟላቱ ብቻ ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የሕግ ባለሙያን ማማከር የሚበጀው ክርክር ከመነሳቱ በፊት ነው።

ኑዛዜ ከሌለ ወራሹ ማን ነው?

በድሬዳዋ ውርስ የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ቀዳሚ ወራሾች ልጆች ሲሆኑ፣ ጾታ፣ ዕድሜ ወይም ከጋብቻ ውጭ መወለድ ልዩነት ሳያስከትል እኩል ይካፈላሉ። ከወላጁ በፊት የሞተ ልጅ ካለ የእርሱ ተወላጆች ተተክተው ይወርሳሉ። ተወላጅ ከሌለ ውርሱ ለሟች ወላጆች ይተላለፋል።

የትዳር ጓደኛ ድርሻስ?

ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ልጆች ወይም ሌሎች የሥጋ ዘመዶች ካሉ የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆንም። በድሬዳዋም ተፈጻሚ በሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ግን ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሱ ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው የሟች ድርሻ ብቻ ነው። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች የጋራ ንብረት መብት እንዲኖራቸው ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት። ለትዳር ጓደኛው ከዚህ በላይ ለማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው ኑዛዜ ሊያደርግ ይገባል።

ኑዛዜ የሚጸናው መቼ ነው?

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል።

1. በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፦ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በጽሑፉ ላይ መጠቀስ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማኖር ይኖርባቸዋል። “ተነበበ” የሚለው ቃል አለመጻፉ ብቻ ኑዛዜውን ሊያፈርሰው ይችላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

2. በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግ ኑዛዜ፦ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍና ኑዛዜ መሆኑን መግለጽ አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል።

3. የቃል ኑዛዜ፦ ሞቱ መቃረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ወሰኑ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳጊና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ቤት በቃል አይናዘዙም።

ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ባይሆን ይመረጣል። ልጁን ከውርስ የሚነቅል ተናዛዥም ምክንያቱን በኑዛዜው መግለጽ ይኖርበታል።

በውርስ የማይተላለፈው ምንድን ነው?

የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት በመሆኑ በኑዛዜ ሊተላለፍ አይችልም። በሟች ሞት ምክንያት ለቤተሰቡ የሚከፈል ጡረታም የውርስ ሀብት አይደለም። የሕይወት መድን ገንዘብ የውርስ ሀብት የሚሆነው ሟች ተጠቃሚውን ሳይወስን ከቀረ ነው።

ከሞት በኋላ ምን ይደረጋል?

ሞትን በቀበሌው በማስመዝገብ የምስክር ወረቀት ይውሰዱ። ቀጥሎም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማመልከቻ ያቅርቡ። ክርክር ከሌለ ይህን ያለ ጠበቃ በራስዎ መፈጸም ይችላሉ። ሟች ሙስሊም ከሆነና ባለጉዳዮቹ በግልጽ ከተስማሙ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ጉዳዩ በፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። አንዱ ወገን ካልተስማማ መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል።

በጅቡቲ ወይም በሌላ አገር የሚኖር ወራሽ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል በተረጋገጠ ውክልና ጉዳዩን ማስፈጸም ይችላል። ንብረቱ ከመከፋፈሉ በፊት የቀብር ወጪና የሟች ዕዳ ይከፈላል። የውርስ ሀብት ያለ መብት በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ ወራሹ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ክስ ሊያቀርብ ይገባል፤ በ“እንስማማለን” ተስፋ ጊዜው እንዳያልፍብዎት ይጠንቀቁ።

ጠበቃ እንዴት ይመረጣል?

በሀገራችን ለውርስ ጉዳይ ብቻ የሚሰጥ የተለየ የጥብቅና ፈቃድ የለም። ስለዚህ የሚከተሉትን ያረጋግጡ፦

• በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የተሰጠና ያልተቋረጠ ፈቃድ እንዳለው፤ ማመልከቻ የሚጽፍ ወይም ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ሁሉ ጠበቃ አይደለም፤
• በኑዛዜ፣ በውርስ ማጣራትና በክፍፍል ጉዳዮች ልምድ እንዳለው፤
• ከተቃራኒ ወራሽ ጋር የጥቅም ግንኙነት እንደሌለው።

የአገልግሎቱን ዓይነትና ክፍያውን በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ዋና ሰነዶችን በእጅዎ አስቀርተው ቅጂ ይስጡ። የመክፈል አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች በሕግ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን መጠየቅ ይችላሉ። ጠበቆችም በነፃ የማገልገል ግዴታ አለባቸው።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የባንክና የዕዳ ሰነዶች፣ እንዲሁም የልጆችዎን ስም ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ። በሌላ አገር ወይም ከሌላ ግንኙነት የተወለደ ልጅ ካለ ለጠበቃው አይደብቁ፤ ዛሬ የተሸሸገ ወራሽ ነገ ክፍፍሉን ሊያስፈርስ ይችላልና።