በመርካቶ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት የሚሆኑ መጻሕፍትና የመማሪያ ዕቃዎች

መርካቶ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሸማው፣ በርበሬውና ቆርቆሮው ነው። ዳሩ ግን መርካቶ የፊደል ገበታ፣ የደብተርና የሕፃናት መጽሐፍ ገበያም ነው። ገበያው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ በአዲስ ከተማ ከተተከለ ወዲህ የአገሪቱ የጅምላ ንግድ ዋና ቦታ ሆኗል። ከየክፍላተ ሀገሩ የሚመጣው ባለሱቅ ከዚህ ገዝቶ በአውቶቡስ ጭኖ ይመለሳል። ስለዚህ የመርካቶ ጅምላ ሻጭ መርጦ የደረደረው የሕፃናት መጽሐፍ በሩቅ ከተማ ያለ ሕፃን እጅ መግባቱ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው እነዚህ የመማሪያ ዕቃዎች ምን ምን እንደ ሆኑ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራና ወላጅም ሆነ አስተማሪ እንዴት ሊመርጣቸው እንደሚገባ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የፊደል ገበታ ነው። ይህን ገበታ እያሳተሙ በመላው አገር በማሠራጨት ስማቸው የታወቀው ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ናቸው። ገበታው አንድ ወረቀት ሲሆን 33 ፊደላትን በ7 በ7 ረድፍ አድርጎ 231 ያሳያል፤ ዲቃላዎቹ ከዚህ ውጭ ናቸው። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ ይቆጥራል። የዚህ አሠራር ጥቅሙ ብዙ ሕፃናት በአንድ ጊዜ ሊማሩበት መቻሉ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ ዜማውን በቃሉ የያዘ ሕፃን ፊደሉን ያወቀ መምሰሉ ነው። የቀድሞ መምህራን ይህን ስለ ተረዱ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥራሉ። በአቡጊዳ መጀመሪያው ረድፍ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ፊደሉ ሁሉ ይለዋወጣል። ዜማው ስለ ተበተነ ሕፃኑ ዐይኑን እንጂ ትዝታውን ሊያምን አይችልም። ይህ ዛሬም ማንኛውም አስተማሪ ሊከተለው የሚገባ ታላቅ ጥበብ ነው።

ከዚህ ጋር ሊታሰብ የሚገባው ነገር 231ዱ ፊደላት 231 የተለያዩ ዕውቀቶች አለመሆናቸው ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ የሚለውን ብንመለከት ካዕቡ በወገቡ በስተቀኝ፣ ሣልሱ በእግሩ ሥር ጭረት ይጨምራል፤ ኃምሱ ደግሞ ከእግሩ ሥር ቀለበት ያደርጋል። ይህ ሥርዓት በለ፣ በመ፣ በሰ እና በሌሎችም ብዙ ፊደላት ላይ ይደገማል። እንደ ሩ እና እንደ ፉ ያሉት ከሥርዓቱ ስለሚወጡ ለብቻቸው ይጠናሉ። ሥርዓቱን ያስተዋለ ሕፃን አዲሱን ፊደል ሳይነግሩት ይገምታል።

በሰፈሩ የሚኖረው የእስላም ቤተሰብ ልጅ ደግሞ በቁርአን ቤት የዐረብኛውን ፊደል በሉህ ላይ ይማራል። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ በአንድ አካባቢ ስለሚገኙ በሁለቱ መንገድ ፊደል የቆጠሩ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የሁለቱም ልጆች ኋላ በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ።

መንግሥት በበኩሉ በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ስላሉት ሕፃናት መዋዕለ ሕፃናት ገልጿል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት የቀዳማይ ልጅነትን እንክብካቤና ትምህርት የሚመለከት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ አንደኛ ክፍል ሊገቡ ለደረሱ ሕፃናት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የዜሮ ክፍል ተስፋፋ። ክፍሉ ሲከፈት ግን የሚነበብና የሚዳሰስ ነገር ካልገባበት ሕፃኑ ዝም ብሎ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ነገር አያገኝም።

በመርካቶ ሱቆች ፊት ከሚሰቀሉት ገበታዎች መካከል የእንግሊዝኛው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ወላጅ ይህን የሚገዛው ልጁ ወደ ኋላ እንዳይቀርበት ፈርቶ ስለ ሆነ አይወቀስም። ዳሩ ግን ሁለት ነገሮችን ማመዛዘን ይገባል። በአማርኛ አንዱ ፊደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል ለማለት ይቻላል፤ እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያሉት ሞክሼዎች በጽሕፈት ቢያስቸግሩም በንባብ አያስቸግሩም። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ ስላለው ሕፃኑ ፊደሉን ሁሉ ካወቀ በኋላም ቃሉን ማንበብ አይሆንለትም። ሁለተኛ፣ ሕፃን የሚያነበው ቃል ትርጉሙን አስቀድሞ የሚያውቀው ቢሆን ይደሰታል፤ የማያውቀው ቢሆን ግን እንደ ዜማው ሁሉ በቃሉ ብቻ ይይዘዋል። በቤት ጉራግኛ፣ ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ የሚነገርለት ሕፃንም ቢሆን በእናቱ ቋንቋ የሰማው ተረት ለአማርኛው ንባብ ስንቅ ይሆነዋል እንጂ ዕንቅፋት አይሆንበትም።

የተረት መጽሐፍ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአገራቸው ቋንቋ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ማነሱን አይተው ስለ ማሞ ቂሎ የሚነገረውን ተረት በሥዕል አስጊጠው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ቀጥሎም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። በቴሌቪዥን ደግሞ አባባ ተስፋዬ በመባል የታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ ለሕፃናት ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በ1999 ዓ.ም. የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅትም ከካልሲ በተሠራች ቀጭኔ አማካይነት ሕፃናትን ያስተምራል።

ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው መጽሐፍ በአንድ ገጽ ጥቂት ቃላት ያሉበት፣ ፊደሉ የጎላ፣ ሥዕሉ ሕፃኑ የሚያውቀውን ነገር የሚያሳይና ወረቀቱ ቶሎ የማይቀደድ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ልትገለገልበት ትችላለች። ሥዕሉን እያሳየች «ይህ ምን ያደርጋል? ቀጥሎስ ምን ይሆናል?» እያለች ብትጠይቅ ሕፃኑ ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብ ይለምዳል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ሰጥቶ መልሱን ሲሰማ፣ አንድን ነገር በሌላ ነገር መስሎ መናገርን ያለ አንዳች ወጪ ይማራል።

ሦስተኛው መሣሪያ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 በሮማ ከተማ፣ ሳን ሎሬንሶ በተባለ የድኾች ሰፈር የሠራተኞችን ልጆች ሰብስባ ስታስተምር ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላትን በጣታቸው ያስዳስሷቸው ነበር። ይህን ለማድረግ በመርካቶ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር ሁሉ ዋጋ የሚያገኝበት ሥፍራ ነው። ከዕቃ መያዣ ካርቶን ፊደል ይቆረጣል፤ በታጠበ ቆርኪ መቁጠር፣ መደመርና በቀለም መለየት ይቻላል፤ ገበጣ ደግሞ ቁጥርንና ተራ መጠበቅን ያስተምራል። ሆኖም ጠርዙ የሚቆርጥ ቆርቆሮ፣ የባትሪ ድንጋይና በሕፃን ጉሮሮ ሊገባ የሚችል ትንንሽ ነገር ከዚህ መካከል መውጣት አለበት፤ ቆርኪውም ቢሆን ነገርን ሁሉ ወደ አፉ ለሚወስድ ሕፃን አይሰጥም።

እንግዲህ ከላይ እንደ ገለጽነው የሚታተመው፣ የሚነገረውና የሚዳሰሰው አንዱ ሌላውን ይረዳል እንጂ አይተካም። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ወላጅ አስቀድሞ የፊደል ገበታውን ቢገዛና ማታ ማታ ተረት ቢነግርበት ብዙ ይጠቀማል። አስተማሪም ሕፃኑ ፊደሉን ማወቁን ሲመረምር ከመካከል እየጠቆመ ቢጠይቅ ዕውቀቱን ከዜማው ለይቶ ያያል። የጅምላ ነጋዴውም ከእንግሊዝኛው ገበታ ጎን አንድ የአማርኛ ተረት መጽሐፍ ቢደረድር፣ ጭኖ የሚመለሰው ባለሱቅ ይዞት ይሄዳል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ በሰባት ዓመቱ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ሕፃን፣ በአራት ዓመቱ ከጨበጠው ጓደኛው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ እኩል እንዲሮጥ መጠየቁ ፍርድ አይሆንም።