ልጃችሁ «ሸክላ ሠሪ ልሁን» ብትላችሁ፦ ስለ ሥራው፣ ስለ እሳቱና ስለ ገቢው

በአገር ቤት ሸክላ የእናቶቻችን ሥራ ነበር። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃና በሌሎችም መንደሮቻችን አባቶች ብረት ሲቀጠቅጡና ሸማ ሲሠሩ፣ እናቶች ጭቃ እያቦኩ ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውንና እንስራውን ያወጡ ነበር። ጎረቤት ያለ እነሱ እጅ ወጥ አይሠራም፣ ውኃም አይቀዳም። ዕቃውን ገዝቶ ሲሄድ ግን ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ይሰድብ ነበር። ይህን የሰማ ወላጅ፣ ዛሬ ልጁ ከጦር ሠራዊት አገልግሎት ወጥታ «ቄራሚካ ልማር» ስትለው ቢደነግጥ አንፈርድበትም። «ከዚያ ጭቃ አውጥተን ያመጣናችሁ መልሳችሁ ልትገቡበት ነው?» የሚሉ ወላጆች አሉ።

ስድቡ የተሳዳቢው ጉዳይ ነው፤ ይህ ገጽ ደግሞ የሥራና የሸማቾች ገጽ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ምን ልትሠራ እንደሆነ፣ ምን ልታገኝ እንደምትችልና አደጋው የት ላይ እንዳለ እንመልከት። በመጨረሻም ለምንገዛው ለእኛ ለራሳችን የሚጠቅም ነገር እንጨምራለን።

እናቶች የሚያውቁት፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው

እናቶቻችን አፈሩን ቆፍረው፣ ወቅጠው፣ ነፍተው ካቦኩት በኋላ የተሰበረ ሸክላ ገል ፈጭተው ይቀላቅሉበት ነበር። ብዙ ወጣቶች ይህን «ቆሻሻ መጣያ ከማጣት» ይመስላቸዋል። አይደለም። የተፈጨው ገል በጭቃው ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ስለሚፈጥር እንፋሎቱ መውጫ ያገኛል፤ ዕቃው እሳት ላይ ሲጣድም ሙቀቱን ችሎ አይሰነጠቅም። ዛሬ በእስራኤል ሱቅ የሚሸጠውን የጭቃ ከረጢት ብታዩ ብዙው ይኸው የተተኮሰና የተፈጨ ሸክላ የተቀላቀለበት ነው።

ቅርጹን የሚያወጡት ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ነበር። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ ይደራርባሉ፣ በለስላሳ ጠጠር እያሻሹ ያለሰልሳሉ፣ ጥላ ሥር ያደርቃሉ። ከዚያ እሳቱ ይመጣል። ዕቃው መጀመሪያ እሳት ዳር ሆኖ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀጥሎ እንጨትና ኩበት ተከምሮበት ሜዳ ላይ ይተኮሳል። ጀበናው የሚጠቁረው ገና ትኩስ እንዳለ በገለባ ወይም በቅጠል ሲታፈን ጭሱን ስለሚጠጣ ነው።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ የሚሞቀው በምክንያት ነው። በጭቃው ውስጥ የቀረ እርጥበት 100 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎት ይሆናል፤ እሳቱ ከፈጠነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ዕቃውን ያፈነዳዋል። ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ የኖረው ውኃ ይለቃል። ከዚህ በኋላ ዕቃው ውኃ ውስጥ ቢዘፈቅ እንኳ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ አያልፍም፤ ለምጣድና ለጀበና ግን ይህ ይበቃል።

እዚህ አገር ያለው የሸክላ ሠሪ ስቱዲዮ ሌላ መንገድ ይከተላል። ጭቃው በኦብናይም፣ ማለትም በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ሲጠነክር ከሥሩ ይላጫል፤ ይደርቃል፤ በኤሌክትሪክ እቶን ወደ 1,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት አንድ ጊዜ ይተኮሳል፤ ግላዙራ ይቀባና እንደገና ይተኮሳል። ከጭቃነት እስከ መጨረሻው እሳት ድረስ ዕቃው ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ክዳን የሚሠራ ሰው ይህን ካላሰላ ክዳኑ አይገጥምለትም።

በእንጨት የሚነደው እቶን

ሸክላ ሠሪዎች ከሁሉ የሚያከብሩት፣ ገዥም የበለጠ የሚከፍልበት፣ በእንጨት እቶን የተተኮሰውን ነው። ይህ እንደ ሜዳው እሳት አይደለም። እሳት በሚችል ጡብ የተሠራ፣ በአንድ በኩል የእንጨት ማንደጃ፣ በሌላው በኩል ጭስ መውጫ ያለው ትልቅ ምድጃ ነው። ሙቀቱ ከ1,200 እስከ 1,300 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ከእንጨቱ የሚነሳው አመድ ከነበልባሉ ጋር እየበረረ በዕቃዎቹ ላይ ያርፍና ይቀልጣል። አመድ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፖታሲየም ከሸክላው ጋር ሲገናኝ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይሆናል። ማንም ቀለም ሳይቀባው በነበልባሉ በኩል ያለው ጎን አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ጀርባው ደግሞ ቀላ ብሎ ይቀራል። ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ አይገኝም። በዚህ ሥራ ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ ጃፓን ውስጥ ያለው ቢዜን ነው፤ እዚያ እሳቱ ከአንድ ሳምንት በላይ ሳይጠፋ ይነዳል።

ትንሹ እቶን እንኳ ቀኑን ሙሉና ሌሊቱን ይጠይቃል፤ ትልልቆቹ ብዙ ቀን ይወስዳሉ። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ በፈረቃ እየተቀያየሩ በየጥቂት ደቂቃው እንጨት ይጨምራሉ። ዕቃው ከመደርደሪያው ጋር እንዳይጣበቅ እያንዳንዱ ከሥሩ ትንንሽ የጭቃ እንክብል ይደረግለታል፤ ድርደራው ራሱ ቀናት ይፈጃል። ሙቀቱን የሚያውቁት በመለኪያ ብቻ አይደለም። በተወሰነ ሙቀት ጎንበስ የሚሉ ትንንሽ የሸክላ ሾጣጣዎች እቶኑ ውስጥ ያስቀምጡና በቀዳዳ እያዩ ይጠብቃሉ። እሳቱ ካበቃ በኋላ ምድጃው ቀስ ብሎ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ቀን ይቆያል። በችኮላ የከፈተ ሰው ዕቃው ዓይኑ እያየ ይሰነጠቅበታል።

ይህ ሁሉ በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ እንደማይሆን ግልጽ ነው። የእንጨት እቶን ሜዳ፣ ጭስ የማያስቸግረው ጎረቤትና ፈቃድ ይፈልጋል። በሻራብ ቀናት የእሳት ክልከላ ከታወጀ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ብዙዎቹ የራሳቸው እቶን የላቸውም፤ ተሰብስበው ይከራያሉ፣ ወይም የሌላ ሰው እቶን ሲነድ ሥራቸውን ይዘው ሄደው በፈረቃ ይረዳሉ። ልጃችሁ «እቶን ልሥራ፣ ብድር ፈርሙልኝ» ካለች፣ መጀመሪያ በሰው እቶን ጥቂት ዓመት ትሥራ ብለን እንመክራለን።

እንጀራ ይሆናል ወይ?

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። አንዲት ሠሪ በወር 60 ሳህንና ኩባያ ወደ እቶን አስገባች እንበል። አሥሩ ጠመሙ ወይም ተሰነጠቁ። የቀሩትን 50 እያንዳንዱን በ90 ሸቅል ሸጠች፤ 4,500 ሸቅል ሆነ። ሱቅ ወይም ጋለሪ ከሸጠላት የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ጭቃ፣ ግላዙራ፣ የእቶን ኪራይና መጠቅለያም አለ። በእስራኤል ዝቅተኛው የወር ደመወዝ በ2025 አፕሪል 6,247.67 ሸቅል እንደነበር አስታውሱ። ስለዚህ ዕቃ በመሸጥ ብቻ ቤት የሚያስተዳድር ጥቂት ነው። ብዙዎች የሚኖሩት ሁግ በማስተማር፣ ለምግብ ቤቶች በትእዛዝ በመሥራት ወይም ግማሽ ቀን ሌላ ሥራ በመያዝ ነው። ልጅቷ ይህን አውቃ ከገባች አንድ ነገር ነው፤ ሳታውቅ ከገባች ሌላ።

መሸጥ ስትጀምር በሦስት ቦታ መመዝገብ አለባት፤ በማዓም፣ በማስ ሃክናሳና በቢጡዋህ ለኡሚ። የዓመት ሽያጯ አነስተኛ ከሆነ ኦሴቅ ፓቱር ትሆናለች፤ በ2025 ጣሪያው 120,000 ሸቅል ነበር። ይህ ቁጥር ስለሚለወጥ የዓመቱን ጠይቁ። ከጣሪያው በላይ ከሆነ ኦሴቅ ሙርሼ ሆና 18 በመቶ ማዓም መሰብሰብ ይኖርባታል። በተለይ የቢጡዋህ ለኡሚውን ነገር አደራ እንላለን። በራሱ የሚሠራ ሰው በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ካሳ የሚያገኘው ከጉዳቱ በፊት ተመዝግቦ ከሆነ ነው። ከእቶን ጋር የሚውል ሰው «ነገ እመዘገባለሁ» ማለት የለበትም። ሥራው ቢቆም ደግሞ እንደ ተቀጣሪ የሥራ አጥነት አበል እንደሌለ ይወቅ። ምክር ለሚፈልግ፣ ማኦፍ የሚባለው የአነስተኛ ንግዶች ድጋፍ ማዕከል በዝቅተኛ ክፍያ አማካሪ ይሰጣል።

ሸክላውን የሚያውቁ፣ እጃቸው ያልረሳ እናቶችም ይህን ያንብቡ። ከጡረታችሁ ጋር ሃሽላማት ሃክናሳ የምትቀበሉ ከሆነ ይህ ክፍያ ገቢ እየታየ የሚሰጥ ነው። አዘውትራችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ቢጡዋህ ለኡሚ ሄዳችሁ ምን ያህል እንደሚፈቀድ ጠይቁ። በኋላ «መልሱ» የሚል ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

የት ይማራሉ?

ከሁሉ በፊት በመትናስ ሁግ ጥቂት ወር ትሞክር። ወገብ የሚያጎብጥ፣ እጅ የሚያደርቅ ሥራ ስለሆነ በስድስት ወር የሚተው ብዙ ነው፤ ያኔ የጠፋው ገንዘብ ትንሽ ይሆናል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ኢየሩሳሌም ያለው በጻልኤል አካዳሚ በሸክላና በብርጭቆ ሥራ ዲግሪ ይሰጣል፤ ቴል አቪቭ ያለው የቢንያሚኒ የሸክላ ማዕከልም ኮርሶች አሉት። ከሠራዊት የወጣ ልጅ ፒቃዶኑን ለትምህርት መጠቀም ይችላል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ለዚህ የታወቀ መሆኑን ውል ከመፈረም በፊት ያጣራ። «ተዑዳ እንሰጣለን» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሸክላ ገዥ ተዑዳ አይጠይቅም፤ ዕቃውን ነው የሚያየው።

ጤናውን በተመለከተ ትልቁ ጠላት እሳቱ ሳይሆን አቧራው ነው። የደረቀ ጭቃ አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባን የማይድን በሽታ ያሲዛል። የሸክላ ክፍል በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ልጃችሁ የምትማርበትን ቦታ ለማየት ስትሄዱ ወለሉን እዩ፤ ወለሉ ነጭ አቧራ ከሆነ አስተማሪው ስለ ልጃችሁ ሳንባ አያስብም ማለት ነው። እቶን ስትመለከት የዓይን መከላከያ፣ ግላዙራ ስትበጠብጥ ጓንትና ማስክ ያስፈልጋታል።

ለገዥ

በእንጨት እቶን የተተኮሰ ውብ ድስት አይታችሁ ዶሮ ወጥ ልትሠሩበት እንዳትገዙ። በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ድርቅ ያለና የተጋገመ ስለሆነ በቀጥታ እሳት ላይ ሲጣድ ይሰነጠቃል፤ ማቅረቢያ ነው። እሳት የሚችለው ገል የተቀላቀለበት፣ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰው የአገራችን ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን በትንሽ እሳት ይጀመራል፤ ትኩሱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይፈስበትም። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም። በኢንዱክሲያ ምድጃ ላይ ግን ሸክላ ጭራሽ አይሞቅም፤ ምድጃ ስትቀይሩ አስቡበት።

ግላዙራ ያለበት ዕቃ ስትገዙ «ለምግብ ይሆናል? እርሳስ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። እርሳስ ያለበት ግላዙራ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ቲማቲም ሲነካው ወደ ምግቡ ይለቃል፤ ሕፃናትን በጣም ይጎዳል። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ ለጌጥ ይሁን። ካሽሩትንም አስታውሱ፦ ሸክላ የጠጣውን ስለማይለቅ እንደ ብረት ድስት በፈላ ውኃ አይካሸርም። እናቶቻችን ለፋሲካ አሮጌውን ሰብረው አዲስ የሚሠሩት ለዚህ ነበር።

በስልክ የታዘዘ ዕቃ ከደረሰ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይቻላል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ፣ አዲስ ዖሊምና አካል ጉዳተኞች፣ ከሻጩ ጋር ተነጋግረው የገዙት ከሆነ እስከ 4 ወር ጊዜ አላቸው። ነገር ግን «ስሜን ጻፍልኝ፣ በዚህ ልክ ሥራልኝ» ብላችሁ ለራሳችሁ ያሠራችሁት ዕቃ እንከን ካለበት በስተቀር አይመለስም። ስለዚህ ትእዛዝ ስትሰጡ ልኩን፣ ዋጋውንና ቀኑን በጽሑፍ ተቀበሉ። ዕቃውን ስትረከቡም እናቶቻችን ገበያ ላይ እንደሚያደርጉት አንጠልጥላችሁ በጣት አንኳኩት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ውሰዱት፤ ድምፁ ከታፈነ የማይታይ ስንጥቅ አለበት፤ ሌላ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።